እትዬ ልኬትና የልጆች ሳጥን

እትዬ ልኬት በሕይወታቸው አንድም ቀን በመጀመሪያው ጥሪ ማዕድ ቀርበው አያውቁም። አስተዳደጋቸው ነው። "ይብሉ" ሲባሉ "በልቻለሁ" ይላሉ። ሁለተኛ ሲባሉ "ኧረ ጠግቤያለሁ፣ ይመስገነው" ይላሉ። ሦስተኛ "አፈር ስሆን!" ሲባሉ ብቻ፣ እንደተገደደ ሰው ተንፍሰው፣ ነጠላቸውን ሰብስበው እጃቸውን ይታጠባሉ። ከዚያ በኋላማ አበላላቸውን ያየ ሰው ማን አስገደዳቸው አይልም። ይህ ሥርዓት ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሲያበላቸው ኖሮ በሰው አገር ጉድ ሠራቸው።

ስሙን ያወጡላቸው የወርክሾፑ ሰዎች ናቸው። ወርክሾፑ እግራቸው ለተቆረጠ ሰዎች ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራበት ሲሆን፣ እትዬ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንገታቸው ላይ ሜትር አንጠልጥለው "ልኬት! ልኬት!" ሲሉ ኖረውበታል። ከአራት ዓመት በፊት አንዲት ወጣት ተቀጥራ መጣች። የፊት ጥርሶቿ መሃል ክፍተት ስላላት ፍንጭት ተባለች። ያኔ ጀሶ መበጥበጥ እንኳ አታውቅም፤ ውሃው በዝቶባት ወለሉን ስታለቀልቅ ያዩ እትዬ "ምነው ልጄ፣ ቤት ልትቀቢ ነው የመጣሽው?" ብለው ነው ሥራ ያስጀመሯት። ሞረድ አያያዙንም፣ የአጥንቱን ቦታ በጣት ፈልጎ ማግኘቱንም ያሳዩዋት እሳቸው ናቸው።

ታዲያ ሁለቱ ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ወደ ውጭ ሲላኩ፣ ጡረታ ሊወጣ ወራት የቀሩት ኃላፊያቸው ጠርቶ እንዲህ አላቸው። "የወርክሾፑን ቁልፍ ከሁለታችሁ ለአንዳችሁ አስረክቤ ነው የምሄደው። ለማን እንደሚገባ አሠልጣኟ አይታችሁ በደብዳቤ ትነግረኛለች።" ፍንጭት ሳቀች። እትዬ አልሳቁም። ቁልፉን በልባቸው ከተረከቡት ስንት ዓመታቸው፤ አሁን ደግሞ ገና ትናንት ከመጣች ልጅ ጋር ፈተና ይቀመጡ?

አሠልጣኟ ጸጉሯ እንደ ጀሶ የነጣ፣ እጆቿ ግን የጎልማሳ የሚመስሉ ሴት ናት። እትዬ የአገሩን ቋንቋ ከሰላምታ አያልፉም፤ ፍንጭት እየተኮላተፈችም ቢሆን ትግባባለች፣ ታስተረጉማለች። የመጀመሪያው ቀን ሥራ እንዳለቀ አሠልጣኟ ሽርጧን እየፈታች አንድ ነገር ተናገረች።

"ቤቴ እዚሁ ማዶ ነው፣ እራት ከእኔ ጋር ብሉ ትላለች" አለች ፍንጭት።

እትዬ አውሮፕላን ላይ ከቀመሷት ቁራሽ ዳቦ ወዲህ ሆዳቸው ውስጥ የገባ እህል አልነበረም። ሥርዓት ግን ሥርዓት ነው። "እግዜር ይስጥልን፣ እኔ በልቻለሁ በያት" አሉ ፈገግ ብለው።

ፍንጭት አስተረጎመች። አሠልጣኟ ራሷን ነቀነቀች፣ ፈገግ አለች፣ ከዚያ ወደ ፍንጭት ዞረች። ፍንጭትም "እኔስ ርቦኛል" አለች፤ ያለ ምንም ማመንታት፣ እንደ ሕፃን ልጅ። ሁለቱ ኮታቸውን ለብሰው ወጡ። እትዬ ቦርሳቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ቆመው ሁለተኛውን ጥሪ ሲጠብቁ፣ ጠሪዋ መንገዱን ተሻግራ ነበር።

እንግዲህ ራት ለብቻ መፈለግ መጣ። ካረፉበት ቤት አጠገብ ያለ ምግብ ቤት በሩ ላይ የለጠፈውን ዋጋ ቢያዩ "ይሄ የምግቡ ነው የቤቱ ኪራይ?" አሉ ለራሳቸው። የያዙት የውሎ አበል ለእንዲህ ያለው ቤት አፍ ማሟሻም አይሆን። ጥግ ላይ ግን መብራቱ ዓይን የሚወጋ፣ ሰው ቆሞ አዝዞ ቆሞ የሚበላበት የፈጣን ምግብ ቤት አገኙ። ሻጭ የለ፣ አስተናጋጅ የለ፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ስክሪን ሥዕል ያሳያል፣ የፈለጉትን በጣት መንካት ነው። እትዬ ቋንቋውን ባያነቡም ቁጥር ያነባሉና ከሁሉ ያነሰ ቁጥር ያለበትን ሥዕል ፈልገው ነኩ። የምትስቅ እንስሳ የተሣለባት ትንሽ ሳጥን ነበረች።

ሳጥኗን ከፈቱ። ከመዳፍ የማትሰፋ በሥጋ የተሞላች ዳቦ፣ በጣት የሚቆጠር የድንች ጥብስ፣ በቀጭን ቱቦ የሚመጠጥ ጭማቂ፣ ከሁሉ በታች ደግሞ አንዲት የፕላስቲክ ጥንቸል። እትዬ ጥንቸሏን አዩዋት። ጥንቸሏም አየቻቸው። "መቼም እንግዳ መሆኔን አይተው ይሆናል፣ ስጦታ ነው" አሉና ቦርሳቸው ውስጥ ከተቷት። ዳቦዋ ሁለት ጊዜ ተጎርሳ አለቀች፤ ሆዳቸው ላይ ጠብ አላለችም።

ፍንጭት ወደ ጋራ ክፍላቸው ስትመለስ ፊቷ ወዝቶ፣ ልብሷ በቅቤ የተጠበሰ ሽንኩርት ሸትቶ ነበር። "እትዬ፣ ራት ምን በሉ?" አለች ጫማዋን እያወለቀች።

እዚህ ላይ እውነቱን ቢናገሩ ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ። ግን ያስተማሯት ልጅ ጠግባ መጥታ እሳቸው ርቧቸው፣ እንዴት ብለው? "ኧረ ተይኝ! ነጭ ጠረጴዛ ልብስ የተዘረጋበት ቤት ገብቼ፣ አስተናጋጁ ጎንበስ ቀና ሲልልኝ አመሸ። ሥጋው፣ መረቁ... እንዲያው ምን ልበልሽ" አሉ።

"ታድለው!" አለች ፍንጭት፣ ከልቧ።

በማግስቱ እንደገና ሳጥን፤ ስጦታው ዝሆን ነበር። "ደንበኛ መሆኔን አውቀውታል" አሉ እትዬ፣ ትንሽ ደስ ብሏቸው። የዚያን ዕለት ፍንጭት በፎይል የተጠቀለለ ነገር ይዛ ገባች።

"አሠልጣኟ ላከችልዎ። ይብሉ እትዬ፣ ትኩስ ነው።"

"ጠግቤያለሁ ልጄ።"

"ኧረ ትንሽ ይቅመሱ።"

"በልቻለሁ ስልሽ።" ይህን ሲሉ ምራቃቸውን ዋጡ። እጃቸው ለመታጠብ ተሰናድቷል። ሦስተኛው ቀርቷል፣ አንዲት "አፈር ስሆን" ብቻ።

ፍንጭት ግን ቀኑን ሙሉ ስትሞርድ ውላ ዓይኗ ሊከደን ምንም አልቀረው። "እንግዲህ ከተመገቡ አላስጨንቅዎትም" ብላ ጥቅሉን መስኮቱ ላይ አስቀምጣ ጋደም አለች፤ ወዲያው እንቅልፍ ይዟት ጭልጥ አለ። እትዬ ተነሥተው እንዳይበሉት የሌባ ሥራ ሆነባቸው። ሽታው ግን አልተኛም፣ እሳቸውንም አላስተኛም። ጠዋት ጽዳት ሠራተኛዋ ገብታ ጥቅሉን አንሥታ ዓይናቸው እያየ ቆሻሻ ከረጢት ውስጥ ጣለችው።

ከዚያ ወዲህ ቅናት አንጀታቸውን ይበላቸው ጀመር። እሱስ ከሳጥኗ ዳቦ ይልቅ ጠንክሮ በልቷል። ወርክሾፕ ውስጥ አሠልጣኟ የፍንጭትን ትከሻ መታ ካደረገች እትዬ ያያሉ። ሁለቱ በማያውቁት ቋንቋ ከሳቁ "በእኔ ነው" ይላሉ። የራሳቸው ሥራ ሲደነቅ እንኳ አያስደስታቸውም፤ ምስጋናው የሚደርሳቸው በፍንጭት አፍ ነውና "ስንቱን ቆርጣ አስቀርታው ይሆን?" ብለው ይጠረጥራሉ። ማታ ማታ ደግሞ ደብዳቤው ይታያቸዋል። ደብዳቤው ቢሮ ውስጥ አይጻፍም፤ ከሾርባው ጋር አብሮ እየበሰለ ነው። አንዷ በየማታው ከዳኛዋ ጋር ትበላለች፣ ሌላዋ ከፕላስቲክ እንስሳ ጋር። ፍርዱን ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አያስፈልግም።

በስድስተኛው ቀን መታገሥ አቃታቸው። ሁለተኛዋን ውሻ (አዎ፣ ውሻው መደጋገም ጀምሮ ነበር) ቦርሳቸው ውስጥ እንደያዙ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ የአሠልጣኟን ቤት በር አልፈው ተራመዱ። ለነገሩ አላለፉም፣ ቆሙ። መስኮቱ ዝቅ ያለ ነው፣ መጋረጃው ተሰብስቧል። ፍንጭት ሾርባ ትጨልፋለች፣ አሠልጣኟ ዳቦ ትቆርጣለች። ሦስተኛ ወንበር ተጠግቷል፤ ከፊቱ ሳህን፣ ማንኪያ፣ የተገለበጠ ብርጭቆ። ማንም አልተቀመጠበትም።

"ደግሞ ሌላ እንግዳ ይጠብቃሉ!" አሉ እትዬ። ላገር ምድሩ ወንበር አለ፣ ለእሳቸው ግን የለም። ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል ይባላል፤ ብቻዋን ትብላ የተባለችስ? ይህን እያሰቡ ወደ ክፍላቸው ተመለሱ፤ ፍንጭት ስትመጣም ስለ ጠረጴዛ ልብሱ ቤት ከቀድሞው የበለጠ አወሩላት። በዚያ ቀን ወሬ ውስጥ አስተናጋጆቹ ሁለት ሆነዋል።

የመጨረሻው ሥራ መጣ። ለእያንዳንዳቸው አንድ ሰው ተሰጣቸው፤ ለእትዬ አንዲት መምህርት፣ ለፍንጭት አንድ ፖስተኛ። ሁለቱም ከጉልበታቸው በታች የተቆረጡ ናቸው። ሥራው እንዲህ ነው፤ ከተቆረጠው እግር የቀረውን በርጥብ ጀሶ ጠቅልለው ቅርጹን ያወጣሉ፣ በቅርጹ ውስጥ ሌላ ጀሶ ያፈሳሉ፣ ሲደርቅ የሰውየው እግር ራሱ ጠረጴዛ ላይ ይቆማል። ከዚያ በሞረድ ያስተካክሉታል። በማግስቱ የጋለ ፕላስቲክ ይለብስና እግሩ የሚገባበት ዋንጫ ይሆናል። እትዬ ለፍንጭት አራት ዓመት ሙሉ የደጋገሙላት አንዲት ትእዛዝ አለች፤ "ሥጋ ላይ ቀንሺ፣ አጥንት ላይ ጨምሪ።" ቆዳ ሥር ያለ አጥንት ላይ ጀሶ ካልተጨመረ ፕላስቲኩ ቦታ አይሰጠውም፤ ሰውየው በቆመ ቁጥር እንደ ቢላ ይወጋዋል።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ በፍንጭት ጠረጴዛ በኩል ሲያልፉ የፖስተኛውን ቅርጽ አዩ። ፊቱ ያምራል። ሥጋው በልክ ተቀንሷል። ከጉልበቱ በታች በውጭ በኩል ግን፣ ያቺ ትንሽ የአጥንት ጉብታ ያለችበት ቦታ፣ ጀሶ አልተጨመረባትም። ፍንጭት ረስታዋለች። ቅርጹን ለማድረቂያው ክፍል ልትሰጥ ጎኑን በሰፍነግ እያለሰለሰች፣ ከንፈሯን ነክሳ ታንጎራጉራለች።

እትዬ አፋቸውን ከፈቱ። በዚያው ጊዜ አሠልጣኟ መጣችና ፍንጭትን "ማታ እንዳታረፍጂ" በሚል ዓይነት ሰዓቷን አሳየቻት። ሁለቱ ሳቁ። እትዬም የከፈቱትን አፍ ዘጉት። "ታዲያ ምን አገባኝ? ዳኛዋ አብራት የምትበላ፣ ዳኛዋ ታሳያት" አሉ በልባቸው፤ የፍንጭት ቅርጽም እንደዚያው ወደ ማድረቂያው ገባ። ነገ ፖስተኛው ይቆምበታል። ነገ ፊቱ ይጨማደዳል። ነገ ቁልፉ የማን እንደሆነ ይለያል። እትዬ እጃቸውን ሲታጠቡ ጀሶው ከጥፍራቸው ሥር አልወጣ አለ።

ሊወጡ ሲሉ ፍንጭት እጃቸውን ያዘች። "ዛሬ የመጨረሻው ማታ ነው፣ ሳይሰናበቷት ሊሄዱ ነው? ይምጡ።"

"እኔ ራት ይዣለሁ።"

"ያ የጠረጴዛ ልብስ ቤት ዛሬ ይቅርብዎ። ይምጡ።"

"ኧረ ተይኝ ልጄ።"

"በሞቴ!" አለችና እየሳቀች ጎተተቻቸው።

እትዬ እምቢ ማለት አቃታቸው። ባዶ እጅ መሄድ ደግሞ ነውር ነው። አሠልጣኟ የልጅ ልጅ እንዳላት ፍንጭት ነግራቸው ነበርና ክፍላቸው ገብተው ያጠራቀሟቸውን ስጦታዎች በንጹሕ ሻሽ ቋጥረው ይዘው ሄዱ።

ቤቱ ሙቀት አለው። ጠረጴዛው ላይ የድንች ሾርባ ይጨሳል፣ ሦስት ወንበር፣ ሦስት ሳህን። አሠልጣኟ እትዬን አቅፋ ሳመቻቸውና መስኮቱን በሚያየው ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው። እትዬ ቋጠሮውን በሁለት እጃቸው አቀረቡ። "ለልጅሽ ልጅ በያት።"

አሠልጣኟ ሻሹን ፈታች። ጥንቸል፣ ዝሆን፣ አንበሳ፣ ዓሣ፣ ውሾቹ። አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ አሰለፈቻቸው። መጀመሪያ ፈገግ ብላ ነበር፤ እያሰለፈች ስትሄድ ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ። በጣቷ ቆጠረቻቸው። አሥራ አንድ። ከዚያ ለፍንጭት ዝግ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ጠየቀቻት።

ፍንጭት ወደ እትዬ ዞረች። "እትዬ... እነዚህ ለሕፃናት ከሚሸጥ ሳጥን ጋር የሚሰጡ ናቸው ትላለች። አምስት ዓመት ላልሞላው ልጅ ነው ትላለች። አሥራ አንዱንም ማታ..." ቃሉን አልጨረሰችውም።

እትዬ ፊታቸው ጋለ። መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው ወደዱ። ነጩ ጠረጴዛ ልብስ፣ መረቁ፣ ሁለቱ አስተናጋጆች፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ከፊታቸው ላይ ተገፈፈ። አሠልጣኟ ግን አልሳቀችም። የተቀመጡበትን ወንበር መደገፊያ መታ መታ እያደረገች ረዘም አድርጋ ተናገረች።

"ይሄ ወንበር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የእርስዎ ነው ትላለች" አለች ፍንጭት። "አንዴ ጠርቼዎታለሁ፤ አንዴ የተጠራ ሰው ሲመቸው ይመጣል እንጂ በየቀኑ መለመን እሱን ማዋረድ ነው ትላለች። ማታ ማታ ሳህኑን ስታስቀምጥልዎ ነበር።"

"ታዲያ አንቺ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ምን ብዬ? በአስተናጋጅ የሚበላ ሰው ለድንች ሾርባ ይምጡልን ልበል? እኔ ራሴ ሳህን እያጠብኩ ስንት ቀን ቀናሁብዎት መሰለዎ!"

አሠልጣኟ ተነሥታ ከመሳቢያ አንድ ወረቀት አወጣች። ለኃላፊው የሚላከው ደብዳቤ ነው፤ ፊርማ ብቻ ቀርቶታል። ለፍንጭት ሰጠቻት፣ ታስተርጉም ዘንድ። ፍንጭት ዓይኗን ወረቀቱ ላይ አድርጋ ቀስ እያለች አነበበች። "'ወጣቷ ጥሩ እጅ አላት። ይሄን ማን አሳየሽ ብዬ በጠየቅኋት ቁጥር ግን መልሷ አንድ ነው፤ እትዬ። ስለዚህ ቁልፉ ለአስተማሪዋ ይገባል።'" አንብባ ስትጨርስ ያ የጥርሷ ክፍተት እስኪታይ ድረስ ፈገግ አለች። ፈገግታው ትንሽ ያማት ነበር፤ ግን ፈገግ አለች።

እትዬ ያነሡት ማንኪያ ከአፋቸው ሳይደርስ ቆመ። ሾርባው ቅቤና ሽንኩርት ይሸታል፤ ያ አሥራ አንድ ቀን ያናወዛቸው ሽታ። መጉረስ አልቻሉም። ማንኪያውን መለሱት።

"ፍንጭት። የፖስተኛው እግር።"

"ምን ሆነ?"

"ከጉልበቱ በታች፣ በውጭ በኩል። አጥንቱ ላይ አልጨመርሽም።"

ፍንጭት እጇ ከጠረጴዛው ሥር ወረደ፤ በራሷ እግር ላይ ቦታውን ፈልጋ አገኘችው። ፊቷ ዐመድ መሰለ። "ረስቼዋለሁ" አለች። ከዚያ ቀና ብላ "እርስዎ መቼ አዩት?"

"ከሰዓት። ወደ ማድረቂያው ሳይገባ።" እትዬ ድምፃቸው ተሰበረ። "አይቼ ዝም አልኩ። ቀናሁብሽ። ንገሪያት። ደብዳቤውን ከመፈረሟ በፊት፣ እኔ እንዳልኩሽ አድርገሽ ንገሪያት።"

አሠልጣኟ ጭልፋውን እንደያዘች አንዴ አንዷን አንዴ ሌላዋን ታያለች። ፍንጭት እትዬን አየቻቸው፣ ለረጅም ጊዜ፣ ሰው የማያውቀውን ሰው እንደሚያይ። ከዚያ ወደ አሠልጣኟ ዞራ አጭር ነገር ተናገረች። የአሠልጣኟ ፊት በራ፤ ሳቅ ብላ የእትዬን ሳህን እስከ አፉ ሞላችው፣ እስክሪብቶዋንም አንሥታ ደብዳቤው ላይ ፈረመች።

"ምን አልሻት?" አሉ እትዬ።

"'የሾርባው ሽታ ብቻ አስጎመጀኝ፣ ሳህኔ ይሙላልኝ ትላለች' አልኳት።"

"ፍንጭት!"

"ፕላስቲኩ የሚለብሰው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። አንድ ሰዓት ላይ እንገባለን። እርስዎ ጀሶውን ይበጠብጡልኛል፣ የምጨምረው እኔ ነኝ።" ድምፅዋ እንደ ደረቀ ጀሶ ነበር፤ ሳቅ የለበት፣ ቁጣ የለበት። ዳቦውን ገፋ አድርጋ አጠገባቸው አቀረበችላቸው፤ ፊታቸውን ግን አላየችም።

"ይብሉ አሁን" አለች። "አፈር ስሆን።"

አሥራ አንድ ቀን ሙሉ የጠበቋት ቃል መጣች፣ በማይገባቸው ቀን። እትዬ ልኬት ዕድሜ ልካቸውን እንደለመዱት "ጠግቤያለሁ" ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ቃሉ አልወጣም። የሰውን ሥጋና አጥንት በጣታቸው ነክተው የሚለዩት ሴትዮ፣ አራት ዓመት አጠገባቸው የሞረደችውን ልጅ ልክ አለማወቃቸው ገባቸው፤ ከቁልፉም ከሾርባውም ይልቅ ያን ጊዜ በልቧ ስፋት ቀኑባት። ማንኪያውን አንሥተው፣ እንባቸው ሳህኑ ውስጥ እየገባ፣ በሉ።